ማይክ የጨበጠች እጅ ትባረክ

እንግሊዞች ፓላቨር የምትል ቃል አለቻቸው። ብዙ ወሬ፣ ማለቂያ የሌለው ክርክር፣ ለትንሽ ነገር ትልቅ ግርግር ማለት ናት፣ አንዱ እንግሊዛዊ አንዲት ፎርም ለመሙላት ግማሽ ቀን ካባከነ "ምን አይነት ፓላቨር ነው!" ብሎ ያማርራል። ግማሽ ቀን እኮ ነው! የኛ ስብሰባ ላይ ግማሽ ቀን ማለት ገና የክብር እንግዶች ስም ተጠርቶ ያላለቀበት ሰዓት ነው።

ቃሏ የመጣችበት መንገድ ራሱ ሲያዩት ስብሰባ ይመስላል። ግሪኮች ፓራቦሌ አሉ፣ ምሳሌ ማለት ነው፣ ወንጌል ላይ ያሉት የጌታ ምሳሌዎች በግሪኩ የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነው። ላቲን ተቀብሎ ፓራቦላ አለው፣ ቆይቶ ምሳሌነቱ ተረሳና ዝም ብሎ ንግግር ሆነ፣ ፖርቱጋሎች ጋ ሲደርስ ፓላቭራ ተባለ፣ ቃል ማለት። የፖርቱጋል ነጋዴዎች ምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ላይ ከአገሬው ጋር የሚደራደሩትን ድርድር በዚሁ ጠሩት፣ የእንግሊዝ መርከበኞች ደግሞ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከዛው ለቅመው አገራቸው ይዘውት ገቡ። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ይባል የለ፣ እዚህ ግን ምሳሌው መንገድ ላይ ተንጠባጥቦ ቀረና ነገር ብቻውን ደረሰ።

ናይጄሪያ በፒጂን፣ በቅይጥ እንግሊዝኛቸው ማለት ነው፣ ፓላቫ ካሉህ ጣጣ ወይ ጠብ ማለታቸው ነው። ይሄን ለመረዳት እኛ አስተርጓሚ አያስፈልገንም፣ ነገር ስንል ንግግሩንም ጉዳዩንም ጠቡንም ባንድ ቃል ጠቅልለን ነው፣ ነገረኛ የተባለ ሰው አንደበተ ርቱዕ ተባልኩ ብሎ ሲደሰት አይቼ አላውቅም። (ጋናና ላይቤሪያ ፓላቫ የሚባል የቅጠል ወጥም አለ፣ እሱስ ቢያንስ ይበላል።) ላይቤሪያ ደግሞ የተጣላ ሰው የሚዳኝበትን ጎጆ ፓላቫ ሃት ይሉታል፣ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ የእውነትና እርቅ ኮሚሽናቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ሪፖርት ሰው በዚህ ጎጆ ወግ እንዲታረቅ መክሯል። ቁጭ ይላሉ፣ ጥፋተኛው ያምናል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ይነሳሉ። እኔን ግራ የገባኝ ይሄ መነሳት የሚሉት ነገር ነው። የኛም ሽማግሌዎች ዋርካ ስር ያው ድክመት ነበረባቸው፣ ነገሩን ጨርሰው ይመርቁና ወደ ቤት! አዳራሽና ውሎ አበል ያልነበረበት ዘመን፣ ምን ይደረግ።

ፓርላማ የምንለውም ከዚችው ከፓራቦላ ዘር ነው፣ ጣልያን ፓርላሬ ፈረንሳይ ፓርሌ ይላል፣ ማውራት ማለት፣ ከዛ ማውሪያው ቦታ ፓርላማ ሆነ። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ሁለቱን ቤቶች ምክር ቤት ነበር ያላቸው፣ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ብሎ፣ ሕዝቡ ግን ምክሩን ትቶ ፓርላማ ማለቱን ወደደ። ትርጉሙን ሳይጠይቅ ገብቶታል ማለት ነው። ፓሮል የምትለዋም እህታቸው ናት፣ አሜሪካ እስረኛ ጊዜውን ሳይጨርስ ሲለቀቅ በፓሮል ወጣ ይላሉ፣ መነሻው ቃሉ ታምኖ ማለት ነው። እኛ ጋ ተሰብሳቢ በፓሮል አይለቀቅም፣ በር ላይ አቴንዳንስ የያዘ ልጅ ቆሟል፣ ሳይፈርም የወጣ አበል የለውም።

እንግዲህ በየስብሰባው ማይክ ለሚጨብጡልን ጀግኖች ምስጋና ይድረስ። "ከኔ በፊት የተናገሩት ሁሉንም ብለውታል" ብለው የተባለውን በሙሉ ለሚደግሙልን፣ "ባጭሩ" ብለው ኮታቸውን ለሚያወልቁ፣ "ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው" ብለው ሁለቱንም ላልሆነው ነገር ሃያ ደቂቃ ለሚሰጡ። ሰብሳቢው ሰዓቱን ሲያሳያቸው "አመሰግናለሁ፣ ልጨርስ ነው" የሚሉት ትህትናማ ልብ ይነካል፣ ልጨርስ ነው ያለ ሰው ደግሞ አዲስ ጉልበት ነው የሚያገኘው።

እኛ ኮንዶሚኒየም የውሃ ፓምፕ ተቃጥሎ ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ውስጥ ተሰበሰብን። አጀንዳው አንድ ነው፣ ይጠገን ወይስ አዲስ ይገዛ። የመጀመሪያው ተናጋሪ ጋሼ ዕድሉን ስለሰጣችሁኝ ብለው ከ66ቱ አብዮት ጀመሩ፣ ቤት እንዴት እንደተወረሰ፣ ያኔ ቧንቧ እንዴት ይፈስ እንደነበር፣ ሁለተኛው ተነስቶ ጋሼ ያሉትን ለማጠናከር ያህል አለና ስለ ህዳሴ ግድብ ቀጠለ፣ ውሃ ውሃ ነው መቼም። ፀሐይ አናታችን ላይ ስትደርስ ኮሚቴ የሚያቋቁም ኮሚቴ ይመረጥ የሚል ሃሳብ መጣና ተጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ። ከዛ ቃለ ጉባኤው ላይ "ፓምፕ" ነው "ፓንፕ" ነው የሚጻፈው የሚል ነጥብ ተነሳ። ይሄኔ የምድር ቤቷ ልጅ ሁለት ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥላ መጣች፣ ወንበራችንን ሸሸት አድርገን አሳለፍናትና ጋሼ "እንዳልኩት" ብለው ቀጠሉ።