ግማሹን ደብቃችሁ አታስታውሱ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። የባሕር ዳር፣ የጢስ ዓባይ፣ የመራዊ ሰዎች፣ ነገሩ በቀጥታ የሚመለከተው እናንተን ነው።

ቡና ላይ ስንቀመጥ ወሬው ሁሌ አንድ ነው። ድሮ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ጢሱ ከሩቅ ይታይ ነበር። ድሮ ጨርቃ ጨርቅ የሚሠራ ሰው ደመወዙ ያስከብረው ነበር። ድሮ የጣና ዳር ደንገል በደንገል ነበር። ከዚያ እንተክዛለን። ከዚያ መንግሥትን እንራገማለን። አንዱም ግን ሦስቱን ነገር አገናኝቶ አይናገርም። ፏፏቴውን የሚያለቅስለትም ፋብሪካውን የሚያሞግሰውም ያው አንድ ሰው ነው።

እስኪ እናገናኘው። ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1961 ሲቋቋም ገንዘቡ የመጣው ጣልያን ከከፈለችው የጦር ካሳ ነው። ማሽን ያለ መብራት አይዞርም። ስለዚህ በ1964 የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ 11.4 ሜጋ ዋት። ዋና ሥራውም ያንን ፋብሪካ ማንቀሳቀስ ነበር። ውኃው ከፏፏቴው በላይ በቦይ ተጠልፎ ነው ወደ ተርባይኑ የሚሄደው። እንግዲህ የምንኮራበት አቡጀዴም የምናዝንለት ፏፏቴም የጠጡት ከአንድ ወንዝ ነው።

ያኔ ቅነሳው ብዙም አይታወቅም ነበር። የባሰው በኋላ መጣ። በ1996 ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ቦታ ላይ የጨረጨራ ግድብ ተሠራ። በ2001 ሁለተኛው ጢስ ዓባይ 73 ሜጋ ዋት ይዞ ተጨመረ። በበጋ ገደሉ ላይ ድንጋይ ብቻ ቀረ። በ2010 ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ተመረቀ፤ 460 ሜጋ ዋት። ይኼኛው ውኃውን ከሐይቁ በምዕራብ በኩል በዋሻ ወስዶ በለስ ወንዝ ውስጥ ይጥለዋል። በጢስ ዓባይ በኩል አያልፍም። ፏፏቴው የታተመበት የአንድ ብር ኖትም ያኔ አካባቢ በሳንቲም ተተካ። አንድ ላይ ነው የተሰናበቱን ማለት ይቻላል።

ይህን ስነግራችሁ «በቃ ተዘረፍን» ትላላችሁ። ተው እንጂ! አምፖሉን ማን አበራው? ቴሌቪዥኑን ማን ከፈተው? ኪሳራ የለም አላልኩም። በበጋ መጥቶ ደረቅ ገደል አይቶ የሚመለስ ቱሪስት ሲበዛ ዳቦው የሚቀንሰው የጢስ ዓባይ አስጎብኚና ለስላሳ ሻጭ ነው። ያንን ኪሳራ የተሸከሙት እነሱ ናቸው። መብራቱን ያገኘነው ደግሞ ከተማ ውስጥ ያለነው። ይህን ግማሽ ግን በቡና ወሬያችን አናነሳውም። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ብለን እንተርታለን፤ ስንተርት ጣታችን ወደ ሌላ ሰው ነው።

ስለ ፋብሪካውም እንዲሁ። ደመወዙን ታስታውሳላችሁ። የቀለሙ ፍሳሽ ወደ ዓባይ ሲወርድ፣ ከታች ያለው ሰው ልብስ ያጥብበትና ከብት ያጠጣበት እንደነበር አታነሱም። የጥጥ ብናኝ ሳንባ እንደሚጎዳ የታወቀ ነው። ሌሊቱን ፈትል ሲቆጣጠሩ ያደሩ እናቶች ዛሬ ሲያስሉ «ብርድ ነው» ብለን ዝንጅብል እናፈላላቸዋለን። ማን ጠየቃቸው?

ደንገሉ ላይ ስንደርስ ግን በጣም እናደዳለሁ። በ2003 ጣና እጅግ ጎድሎ ነበር። ድርቅ ነበር፣ ለኃይል ማመንጫ የሚለቀቀውም ውኃ ነበር። ጀልባ መሄድ እስኪያቅተው ድረስ ዳሩ ሸሸ። ከውኃ የወጣውን መሬት ግን ያረሰው መብራት ኃይል አይደለም። እኛው ነን። ደንገሉን ነቅለን ዘራንበት። ታንኳ በመሥራት የሚኖረው የነገደ ወይጦ ሰው ጥሬ ዕቃው እየራቀው ሄደ። ድሮ ውኃው የት ድረስ ይመጣ እንደነበር ከእነሱ ሽማግሌ የተሻለ የሚያውቅ የለም። እናንተ ግን ከእነሱ ጋር ማዕድ መቅረብ እንኳ ትጠየፋላችሁ። ትንሿን የደንገል ታንኳ ለእንግዳ ማስታወሻ ስትገዙ ግን አትጠየፉም። ነውር ነው!

እምቦጭ በ2011 ጣና ላይ ሲታይ ጮኸን፣ በዘመቻ ወጥተን ነቀልን፣ ፎቶም ተነሳን። መልካም። ግን እምቦጭ የሚወፍረው ወደ ሐይቁ በሚገባ ቆሻሻና ማዳበሪያ ነው። አንተ ሐይቅ ዳር ግንብ ያቆምከው ሰውዬ፣ የሽንት ቤትህን ቱቦ ወዴት እንዳስወጣኸው ታውቀዋለህ። እዚህ አልጽፈውም። ረግረጉን «ባዶ ቦታ ነው» ብለህ አፈር የደፋህበትም እንዲሁ።

እኛ ጎጃም ሐዲድ የለንም። ሐዲድ ያለው ድሬዳዋ ግን ልንማርበት ይገባል። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነበር። በ2016 አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ ጣቢያው ከመሀል ከተማ ርቆ ተሠራ። ያም ሆኖ የድሮው ጣቢያና ጋራዥ ዛሬም እንግዳ ሄዶ ያየዋል። ጡረተኛው ሠራተኛ የማሽኑን ስም በፈረንሳይኛ እየጠራ ያስረዳል። እኛ የፋብሪካውን የድሮ መታወቂያ፣ የፈረቃ ፎቶ፣ የተመረቀበትን ወረቀት ምን አደረግነው? ወይ ቁራሌው ወስዶታል፣ ወይ አይጥ በልቶታል።

የመራዊ ሰዎች፣ የእናንተ ጊዜ ገና አላለፈም። የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ ነው የተሠራው። ከውኃው ሥር የማን ማሳ፣ የማን ግጦሽ እንደነበር የሚናገር ሰው ዛሬም በሕይወት አለ። ልጆቻችሁ ግን ግድቡን እግዜር የሠራው ሐይቅ ይመስላቸዋል። በመስኖ መሬት ላይ ባሕር ዛፍ የተከላችሁትም፣ ለምን እንደተከላችሁት ለልጆቻችሁ ንገሩ። ገበያው ነው? ጉልበት አጥሮ ነው? ውኃው በሰዓቱ አልደርስ ብሎ ነው? ዛሬ ካልተነገረ የዛሬ 30 ዓመት «ገበሬው ሰነፍ ስለነበረ ነው» ብሎ ሌላ ሰው ይጽፈዋል።

በ20 ዓመቱ ፋብሪካው ሲከፈት የገባ ሰው ዛሬ 80ን ተሻግሯል። ስንቶቹ እንደቀሩ ሰፈራችሁ ያውቃል። የሞቱት የሕይወት ታሪካቸው በቀብር ላይ ሲነበብ «በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለረጅም ዓመታት አገልግለዋል» ተብሎ በአንድ መስመር ይታለፋል። የትኛው ማሽን ላይ? ከማን ጋር? ያኔ ዓባይን የሚሻገሩት በየት ነበር? አንድም አይነበብም። አያ እገሌ ቤት ሂዱ። ስልካችሁን አውጥታችሁ መቅጃውን ተጫኑ። መጀመሪያ ስለ ደመወዙ ያውሩ፣ ይደሰቱ። ከዚያ ስለ ሳሉም፣ ስለ ቀለሙም ፍሳሽ ጠይቋቸው። ሲናገሩም አታቋርጧቸው።