ወታደሩ ወደ ቤቱ የሚመለስበትን ቀን ንገሩት

ሰሞኑን አንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ የቀረቡ እንግዳ፣ የሰሜኑ ጦርነት ካበቃ በኋላም ወደ ቤተሰባቸው መመለስ ስላልቻሉ ወታደሮችና ታጣቂዎች ተጠየቁ። "ወታደር ቤቱ ካምፑ ነው፤ ቤቴ ናፈቀኝ የሚል ወታደር የሥነ ሥርዓት ችግር አለበት" ብለው መለሱ። አዘጋጁ አንገቱን ነቅንቆ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ። እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ።

ቤቱ የማይናፍቀው ሰው ምን ሊጠብቅ ነው ጠመንጃ የሚሸከመው? የእናቱ ደጅ እንዳይደፈር፣ ልጆቹ በሰላም እንዲያድሩ ብሎ አይደለም እንዴ? ያንን ናፍቆት ከውስጡ ብታወጡት የሚቀረው የከፈለው ሁሉ የሚያዘው ተኳሽ ነው። እኚህ ሰው አንድ ሌሊት እንኳ ምሽግ ውስጥ አድረው አያውቁም። ቢያድሩ ኖሮ ይህ ቃል ከአፋቸው ባልወጣ።

ወታደር ብርዱንም ረሃቡንም ይችለዋል። የማይችለው ማብቂያው ያልተነገረውን ነገር ነው። "ለመስቀል ትገባለህ" በሉት፤ እስከ መስቀል ድንጋይ ተንተርሶ ያድራል። "ትእዛዝ እስኪመጣ ጠብቅ" ስትሉት ግን በሳምንቱ ውስጡ ያልቃል። የሚያናድደው ደግሞ ቀኑ ወረቀት ላይ አለመጥፋቱ ነው። ደርግ በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲያወጣ ስድስት ወር ሥልጠና፣ ሁለት ዓመት አገልግሎት፣ ከዚያ ወደ ቤት ነበር የተባለው። ስንቱ ነው በ30 ወሩ የተመለሰው? በአፈሳ የተወሰደው ልጅ ኤርትራ ተራራ ላይ ዓመት በዓመት ሲደረብበት ኖረ። ግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲፈርስ በከረን አድርጎ ወደ ሱዳኗ ከሰላ የጎረፈውን ሰው ፈሪ የሚሉት አሉ። ነውር ነው። የመመለሻ ቀን የሚሰጠው ሲያጣ ራሱ ለራሱ ሰጠ።

ጎረቤታችን ኤርትራም ያው ናት። በ1988 የወጣው ሕጓ ብሔራዊ አገልግሎቱን 18 ወር ይለዋል። ሳዋ ማሠልጠኛ ካምፕ በልጅነቱ የገባ አባት ሆኖ ዛሬም አገልግሎት ላይ ነው። ከዚያ አገር ወጣት የሚሰደደው ለምን እንደሆነ ጥናት የሚያስፈልገው ካለ ይገርመኛል።

ፕሪቶሪያ ላይስ? ጥቅምት 23 ቀን 2015 በተፈረመው ስምምነት የትግራይ ታጣቂዎች በ30 ቀን ውስጥ ትጥቅ ፈተው ይጨርሳሉ ተባለ። ታጣቂዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ የሚመልሰው ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን መቀሌ ላይ ሰፊውን የተሃድሶ ሥራ ያስጀመረው ኅዳር 2017 ነው። የሠላሳ ቀን ነገር ገና ሊጀመር ሁለት ዓመት ፈጀ። ገንዘብ ጠፍቶ ነው ይሉናል፤ ሌላው ኃይል ከትግራይ አልወጣ ብሎ ነው ይሉናል። ይሁን፣ እውነትነት አለው። ታዲያ ይህንን ለልጁ ማን ነገረው? ለእናቱስ?

የቤተሰቡ ይብሳል። በትግራይ የሦስት ቀን ሐዘን ታውጆ የሞቱት ተዋጊዎች መርዶ በይፋ የተነገረው ጥቅምት 2016 ነው። ጦርነቱ ከቆመ ዓመት ሊሞላው። ያን ያህል ጊዜ በር በሩን እያዩ የከረሙ እናቶች አሉ። እዚህ አዲስ አበባ ደግሞ ልጃቸው መከላከያ ውስጥ የሆነ እናት አውቃለሁ። ስልካቸው ስክሪኑ ተሰንጥቋል፤ ቁጥራቸውን ግን በምንም አይቀይሩም፣ ልጁ በቃሉ የሚያውቀው እሱን ነዋ። ማታ ቻርጅ ሰክተው ራስጌያቸው ያኖሩታል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ያለው ሱቅ ወስደው ያስሞሉታል። ሲደውል የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ "መቼ ነው የምትመጣልኝ?" እሱም "እግዜር ያውቃል እማዬ" ይላቸዋል። እግዜር ብቻ ማወቅ አልነበረበትም። አዛዡም ማወቅ ነበረበት።

እኚሁ እንግዳ "የመቋቋሚያ ብር ይሰጣቸው የለ፣ ሌላ ምን ይፈልጋሉ?" ሲሉም ሰምቻለሁ። ብሩ የሚደርሰው ለተሰናበተ ነው። ስንብቱን ለሚጠብቀው ምን አላችሁት? ኮሚሽኑ በሰባት ክልሎች ከ371 ሺህ በላይ የቀድሞ ታጣቂዎችን መልሼ አቋቁማለሁ ብሎ ነው የተነሳው። እያንዳንዳቸው ተራቸው መቼ እንደሆነ የማወቅ መብት አላቸው። በመደበኛው ሠራዊት ውስጥ ያለውም ፈቃዱ የሚደርስበትን፣ ውሉ የሚያበቃበትን ቀን ሊያውቅ ይገባል።

ጠመንጃውን ሲረከብ በቁጥሩ ፈርሞ ነው። የእሱም መመለሻ ቀን ተጽፎ አንድ ኃላፊ ይፈርምበት፤ ቅጂው ለቤተሰቡ ይድረስ። ቀኑ ካለፈ ደግሞ ለምን እንዳለፈ ደውሎ የሚያስረዳ ሰው ይመደብ። ይህንን ለማድረግ መከላከያም ኮሚሽኑም አዲስ አዋጅ መጠበቅ የለባቸውም፤ በሚቀጥለው ሰኞ መጀመር ይችላሉ።