ከካሜራው በፊት ማውንቱን እንጠይቅ

አዲስ ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው) ካሜራ ሊወጣ ነው የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር ክርክሩ ሜጋፒክስል ላይ ይጀምርና እዚያው ያልቃል። ቦዲ፣ ማለትም ሌንሱ ሳይቆጠር ካሜራው ራሱ፣ በጥቂት ዓመት ይቀየራል፤ ጥሩ ሌንስ ግን አሥርና አሥራ አምስት ዓመት የሚያገለግል ንብረት ነው። ስለዚህ አንድ ኩባንያ አዲስ ሲስተም ሲያስተዋውቅ ከሁሉ በፊት ሁለት ነገር ሊጠየቅ ይገባል እላለሁ፦ ማውንቱ (ሌንሱ ቦዲው ላይ የሚገጠምበት ቀለበት) ለሌሎች ሌንስ ሠሪዎች ክፍት ነው ወይ? አብረው የሚወጡት ሌንሶችስ የማንን ኪስ አስበው ተሠሩ?

2018ን እናስታውስ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሶኒ ከ2013 ጀምሮ በኤ7 ካሜራዎቹ የፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያላቸውን) ሚረርለስ ገበያውን ሲመራ ቆይቶ፣ ኒኮን ዜድ 7ንና ዜድ 6ን፣ ካኖን ደግሞ ኢኦኤስ አርን በሁለት ሳምንት ልዩነት ይፋ አደረጉ። ሁለቱም ለአሥርት ዓመታት ከሠሩበት ማውንት ወጥተው አዲስ ጀመሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መስታወቱ ከመሀል ሲወጣ ሌንሱ ብርሃኑን ወደሚቀበለው ሴንሰር መጠጋት ይችላል። ከማውንቱ እስከ ሴንሰሩ ያለው የካኖን ርቀት ከ44 ሚሊ ሜትር ወደ 20፣ የኒኮን ከ46.5 ወደ 16 ወረደ። ይህ የሌንስ መሐንዲሶችን እጅ ፈታ።

ለእኛም ያመጣው በጎ ነገር አለ። በካኖን የተረፈውን 24 ሚሊ ሜትር ክፍተት ባዶ ቀለበት የሆነ አዳፕተር ይሞላዋል፤ ለድሮው የካኖን ማውንት የተሠራው ኢኤፍ ሌንስ በአዲሱ ቦዲ ላይ ከነአውቶፎከሱ ይሠራል። ኒኮን ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የራሳቸው ሞተር የሌላቸው የቆዩ ሌንሶች በኒኮን አዳፕተር ሲገጠሙ ፎከሱ በእጅ ብቻ ነው። ያገለገለ ሌንስ የሚገዛ ሰው ይህን ሳያጣራ ገንዘቡን ባያወጣ ይሻለዋል።

ሚረርለስን የምናፍቅበት ምክንያት እውነተኛ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተክሊል ሥነ ሥርዓት ያነሳ ሰው ያውቀዋል፤ ካህናቱ ጸሎት ላይ ሳሉ የዲኤስኤልአር (የባለ መስታወቱ ካሜራ) መስታወት ቀጭ ባለ ቁጥር ሰው ይዞራል። ሚረርለስ በኤሌክትሮኒክ ሹተር ያለ ድምፅ ያነሳል፤ በጨለማም የሙሽራዋን ዓይን ፈልጎ ይይዛል። (የኤልኢዲ መብራት ካለ ግን ፎቶው ላይ መስመር መስመር ሊወጣ ስለሚችል፣ አንድ ሁለት አንስቶ ስክሪኑን አጉልቶ ማየት፣ መስመር ካለም ወደ ሜካኒካል ሹተር መመለስ ነው።) በዚያ በጧፍ ብርሃን ውስጥ ግን ሥራውን የሚወስነው ሌንሱ ነው። የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሌንሱ የሚያስገባው ብርሃን ይበዛል፤ ኤፍ 1.8 ሌንስ ከኤፍ 4 ሌንስ አምስት እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። ይህን ያህል ልዩነት ከሴንሰር ማሻሻያ አይገኝም።

ታዲያ ካኖን ከአዲሱ ካሜራው ጋር ያስተዋወቀው 28-70 ኤፍ 2 ሌንስ 3,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ ቦዲው ራሱ 2,300። ኒኮን ደግሞ ኖክት የተባለውን 58 ሚሊ ሜትር ኤፍ 0.95 ሌንስ አስከትሎ 8,000 ዶላር አለው፤ ያውም አውቶፎከስ የሌለው። የቴክኒክ ችሎታቸውን አደንቃለሁ። ነገር ግን ከሰርግ እስከ ሰርግ በሚያገኘው ገቢ ለሚሠራ ፎቶ አንሺ ይህ ሌንስ ምኑ ነው? እኛ የምንፈልገው በደህና ዋጋ የ35 እና የ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ እና አንድ ኤፍ 2.8 ዙም ነው።

ያንን ዙም ለሶኒ ተጠቃሚዎች ያቀረበው ታምሮን ነው። በ2018 ያወጣው 28-75 ኤፍ 2.8 ዋጋው 800 ዶላር አካባቢ ነበር፤ የሶኒ የራሱ 24-70 ጂ ማስተር 2,200 በሚሸጥበት ጊዜ። ይህ የሆነው ሶኒ ማውንቱን ለሌሎች ስለከፈተ ነው። ካኖን በተቃራኒው በ2022 ቪልትሮክስ አውቶፎከስ ያላቸውን የአርኤፍ (የአዲሱ የካኖን ማውንት) ሌንሶች መሸጥ እንዲያቆም አደረገ። በ2024 ለሲግማና ለታምሮን በሩን ሲከፍትም ለክሮፕ ሴንሰር (ከፉል ፍሬም ያነሰ ሴንሰር ላለው) ካሜራ በሚሆኑ ሌንሶች ብቻ ነበር። ካኖን የሚያመርተው ካሜራ ግሩም ነው፤ ይህ ውሳኔው ግን ደንበኞቹን ይጎዳል።

የኢኤፍ-ኤምም ታሪክ መዘንጋት የለበትም። ካኖን ይህን ሚረርለስ ማውንት በ2012 ጀመረው፤ ኤም50 ካሜራው በዩቲዩብ ሠሪዎች ዘንድ በጣም ተወደደ። በ2022 አር7ና አር10 በአርኤፍ ማውንት ሲወጡ ግን ነገሩ አበቃ። በሁለቱ ማውንቶች መካከል ያለው የርቀት ልዩነት 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ እሱም በተገላቢጦሽ ነው (የኢኤፍ-ኤም ርቀት ከአርኤፍ ያንሳል)፤ የኢኤፍ-ኤም ሌንስን አርኤፍ ቦዲ ላይ የሚያስኬድ ተራ አዳፕተር ሊኖር አይችልም። ሳምሰንግማ ኤንኤክስ1ን የመሰለ ካሜራ በ2014 አውጥቶ ብዙም ሳይቆይ ገበያውን ጥሎ ወጣ።

ሀብታም አገር ያለ ገዢ እንዲህ ሲሆን ተናዶ ወደ ሌላ ሲስተም ይዞራል። አዲስ አበባ ያለው ሌንሱን ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ያስመጣ ነው፤ በ2024 ክረምት የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ለእሱ የተሳሳተ ማውንት መምረጥ የዓመታት ቁጠባን ማጣት ነው።

ስለዚህ የኢኤፍ ሌንስ ያላችሁ በአዲስ ቦዲ ጉጉት በርካሽ አትሽጡት፤ አዳፕተሩ ገና ብዙ ያሠራችኋል። ከዜሮ የምትጀምሩ ደግሞ አዲስ ሲስተም በወጣ ቀን አትግዙ። የሌንስ ዕቅዱ ይውጣ፣ ሲግማና ታምሮን ይግቡበት፣ ያገለገለውም ገበያ ላይ ይታይ። እኔ አሁን የምጠብቀው የካኖንን ቀጣይ ቦዲ ሳይሆን፣ የአርኤፍ ፉል ፍሬም ማውንት ለሲግማና ለታምሮን ተከፈተ የሚለውን ዜና ነው።