ዲ ድራይቭ ከሞተ አምስት ወሩ፣ ኮምፒውተሬ ግን መርዶውን አልሰማም

እኔ የምለው፣ ኮምፒውተር የሚሠራ ሰው ሁሉ «ፎርማት እናድርገው» ከሚለው ሌላ ቃል አያውቅም እንዴ? አንጀቴ አርሮ ነው የምጽፈው፣ ረዘመ ብላችሁ አትቆጡ።

ሰኔ 30 እየመጣ ነው፣ ሂሳብ መዝጋት አለብኝ፣ የሂሳብ ፕሮግራሙ ደግሞ አዲሱ ቨርዥን ካልተጫነ ፋይሉን አልከፍትም አለ። እሺ ብዬ ዳውንሎድ አደረግኩ (መሀል ላይ መብራት ሄዶ እንደገና ከዜሮ፣ ፓኬጄ እዛው አለቀ)፣ ኔክስት ኔክስት ብዬ ልጨርስ ስል «ኤረር 1327፣ ኢንቫሊድ ድራይቭ፣ ዲ» ይለኛል። የምን ዲ? ሲ ላይ ጫን ነው እኮ ያልኩህ! ሲ ላይ 80 ጊጋ ባዶ ቦታ አለ። ዲ የነበረበት ሁለተኛው ሃርድ ዲስክ ቀጭ ቀጭ እያለ ሲያቃስት ከርሞ ጥር ላይ ሞተ፣ አውጥቼ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት፣ በቃ የለም።

ባለሙያ ጋ ወሰድኩት። ልጁ ስክሪኑን እንኳን ሳያነብ «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ፣ 800 ብር»። ሌላው ጋ ስሄድ ቻርጀሩን ሰክቶ ትንሽ ነካካና «ሃርድ ዲስኩ ሊሞት ነው፣ ቀይሪው» አለኝ። የሞተውማ ሞቷል ወንድሜ፣ ተዝካሩም ወጥቷል! ላየበት 200 ብር ተቀበለኝ።

ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ራሴው ስጎረጉር ነው የገባኝ። ድሮ ሲ እየሞላ ሲያስቸግረኝ ዶክመንትስና ፒክቸርስን ወደ ዲ አዙሬያቸው ነበር፣ ዲስኩ ሲወጣ አድራሻው ሬጅስትሪ (ዊንዶውስ ቅንብሮቹን የሚይዝበት መዝገብ) ውስጥ ቀረ። ኢንስቶለሩ ደግሞ ፕሮግራሙን የትም ጫኚው የትም፣ አስቀድሞ እነዚህ ፎልደሮች የተመዘገቡበትን ድራይቭ ሁሉ «አለህ ወይ» እያለ ይዞራል፣ አንዱ አቤት ካላለው ሥራ የለም።

ሬጅኤዲት (ይሄን መዝገብ ማስተካከያ ፕሮግራም) ከፍቼ የፎልደሮቹ አድራሻ ያለበት «ዩዘር ሼል ፎልደርስ» ውስጥ ገባሁ። ዶክመንትስ የሚል ብፈልግ ብፈልግ የለም፣ ለካ እዛ ቤት ስሙ «ፐርሰናል» ነው! ማን ያውቃል ይሄን? አጠገቡ ዲ ተብሎ ተጽፎ ቁጭ ብሏል። ወደ ሲ ቀየርኩት፣ ማይ ፒክቸርስንም እንደዛው (ባክአፕ ይዛችሁ ነው ታዲያ፣ እዛ ውስጥ በስህተት የተነካ ነገር ሌላ ጣጣ ያመጣል)፣ ሪስታርት፣ በ4 ደቂቃ ተጫነ።

ለዚች ለአንድ ፊደል ነው የስንት ዓመት ደረሰኝ ያለበትን ኮምፒውተር ፎርማት አድርጊ የተባልኩት?

አሁን ፕሮግራሙ ተከፍቷል፣ ባትሪው 11 ፐርሰንት ነው፣ ቻርጀሬን ለካ እዛ 200 ብር የተቀበለኝ ልጅ ጋ ረስቼዋለሁ።