ይህ በሬ ከማን ጋር ይጠመዳል?

ደሴ ላይ ክረምት ሲበረታ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ መንገዱን ስለሚሞላው፣ ሰው ጎረቤቱን የሚያውቀው በመልኩ ሳይሆን በሳሉ ነው። በዚህ ወቅት በሰፈራችን ሞቅ ያለ ስፍራ ቢኖር አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ብቻ ሲሆን፣ ሙቀቱም ከከሰል የመጣ ሳይሆን በአግዳሚ ወንበር ላይ ተጣብቆ ከሚቀመጠው ሕዝብ እስትንፋስና ንዴት የሚገኝ ነው። እስትንፋሱን ሁሉም በእኩል ያዋጣል፤ የንዴቱን ወጪ ግን በአብዛኛው የምንሸፍነው እኛ የማንቼ ደጋፊዎች ነን።

እኔ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ የሆንሁት እ.ኤ.አ. በ1999 ባርሴሎና ላይ፣ ሸሪንግሃምና ሶልሻየር በጭማሪ ደቂቃ ሁለት ጎል አግብተው ባየር ሙኒክን በጣሉበት ሌሊት ነው። ያን ሌሊት ያየ ልጅ ቀሪ ዘመኑን "ገና ጭማሪ ደቂቃ አለ" እያለ ይኖራል፤ አበዳሪ በሩን ሲያንኳኳም ይህንኑ ይላል። ሰር አሌክስ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ2013 የመጨረሻ ዋንጫቸውን አንሥተው ከተሰናበቱ ወዲህ ግን ጭማሪ ደቂቃው ራሱ አሥራ ሁለት ዓመት አለፈው።

የዝውውር መስኮት በተከፈተ ቁጥር ቤቱ ወደ ክለብ ጽሕፈት ቤትነት ይለወጣል። ፀጉር አስተካካዩ የቴክኒክ ዳይሬክተር፣ የባጃጁ ሹፌር የተጫዋቾች መልማይ፣ የሒሳብ መምህሩም የፋይናንስ ኃላፊ ሆነው ሥራቸውን ሲጀምሩ፣ እኔ ደግሞ ማንም ሳይሾመኝ የቦርዱን ሰብሳቢነት እይዛለሁ። ልብ በሉ፤ እኛው ነን በቅሬያችን (በዕድራችን) ስብሰባ የድንኳኑ ካስማ የት እንደጠፋ ለማጣራት ሦስት ወር ፈጅተን በመጨረሻ ጉዳዩ ለሚቀጥለው ወር ይደር ያልነው። እዚህ ቤት ግን በአንድ ምሽት፣ ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሳይደርስ፣ ስድስት ሰው ሸጠን አራት እንገዛለን፤ በረካው ሲቀርብ አሠልጣኙን አባርረናል።

ሙያችንን የሚጠራጠር ካለ መምህሩን ይጠይቅ። አንድ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ የሚያስመዘግበው ከ25 የማይበልጥ ተጫዋች መሆኑን፣ ከእነዚህም ውስጥ በሀገሩ ያልሠለጠኑት ከ17 ሊበልጡ እንደማይችሉ፣ ከ21 ዓመት በታች ያሉት ግን ከቁጥሩ ውጭ መሆናቸውን እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ይወርደዋል። በአንጻሩ እዚሁ አፍንጫችን ሥር በሆጤ ሜዳ የሚጫወተውን የከተማችንን ቡድን ሦስት ተጫዋች ስም ጥሩ ብትሉን፣ አንደኛው የማን ልጅ እንደሆነ እናውቅ ይሆናል እንጂ ስሙን አናውቀውም። ይህን እዚህ ላይ ማንሣቴ ለራሴም ስላልተመቸኝ ወደ ማንቸስተር እመለሳለሁ።

ነገራችን ሁሉ የተበላሸው የቤቱ ባለቤት አባት ለሕክምና ከኩታበር መጥተው ክረምቱን እዚሁ እንዲከርሙ የተወሰነ ዕለት ነው። ሽማግሌው ኳስ አያዩም፤ የሚመጡት ሙቀቱን ፈልገው ሲሆን፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከጥግ ተቀምጠው ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል ያቆማሉ። ለሁለት ሳምንት ያህል ቃል ሳይተነፍሱ ሲያዳምጡን ከቆዩ በኋላ አንድ ቀን የባጃጁ ሹፌር ስለ አንድ አጥቂ ቁመትና ፍጥነት ሲተነትን አቋርጠው ጠየቁ።

"ኧረ ልጆቼ፣ ይህ የምትገዙት በሬ ከማን ጋር ነው የሚጠመደው?"

ቤቱ ሳቀ። እኔም ሥልጣኔን ላሳይ ብዬ፣ "አባባ፣ ሰው ነው እንጂ በሬ አይደለም" አልኋቸው። "በሰማንያ ሚሊዮን የሚሸጥ ሰው አላውቅም" ብለው ዝም አሉ።

ከዚያ ምሽት በኋላ ግን ጥያቄው እንደ ሽንብራ ቆሎ ጥርሴ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ሰኞ ገበያ በሬ ሊገዛ የወጣ ገበሬ የሚያደርገውን ሁላችንም አይተናል። ደላላው የቱንም ያህል ቢምል ሰውየው መጀመሪያ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ይቆጥራል፤ ቀጥሎ ሻኛውን ይዳብሳል፤ አስነድቶ አካሄዱን ያያል፤ ከሁሉ በላይ ግን ቤቱ የቀረውን በሬ በልቡ ይዞ፣ ቁመቱ ከቁመቱ፣ እርምጃው ከእርምጃው መግጠሙን ያሰላል። አንዱ ረጅም አንዱ አጭር የሆነበት ጥማድ ቀንበሩን አዘምሞ አጭሩን አንገቱን ይልጠዋል። ወሎ ውስጥ በግ ጠባቂ ልጅ የሚያውቀውን ይህን ነገር፣ የሚያስደንቀው፣ የእኛ ክለብ ከአሥር ዓመት በላይ አያውቀውም ነበር። እኛማ ከእሱ ብሰን በስልክ የታየ ቪዲዮ ይበቃናል።

ኃጢአቴን ልናዘዝ። እ.ኤ.አ. በ2022 ክረምት አንቶኒ ይገዛ ብሎ በዚህ ቤት ጉሮሮው እስኪዘጋ የጮኸ ሰው እኔ ነኝ። በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ኳሱን በእግሩ ይዞ እንደ እንዝርት ሲሾር አይቼ፣ ከአያክስ በ82 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሲመጣ ጎረቤት ቡና ጠርቻለሁ። ይህን ታሪክ ለሽማግሌው ስተርክላቸው ጋቢያቸውን ከአፋቸው ገለጥ አድርገው፣ "ሲዞር አይተህ ነው የወደድኸው?" አሉኝ። አዎን አልኋቸው። "መዞርማ ለአውድማ ነው። በውቂያ ጊዜ ማንኛውም በሬ ይዞራል። ትልም ላይ ቀጥ ብሎ ሲሄድ አይተኸዋል?" ሲሉ፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ የአርሴናል ደጋፊ በሳቅ ሻዩን ደፋ። አርሴናሎች በሌላው ቤት ሐዘን የሚያሳዩት ትጋት በራሳቸው ቤት ቢሆን ኖሮ እስካሁን ስንት ዋንጫ ባነሡ።

የጥርሱ ነገርም አለ። ሽማግሌው ስለ ማንኛውም አዲስ ፈራሚ የሚጠይቁት ሁለተኛው ጥያቄ "ጥርሱ ስንት ነው?" የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ክርስቲያኖ ሮናልዶን በ36 ዓመቱ መለስነው፤ በ2022 ካሴሚሮን በ30 ዓመቱ በ60 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ገዛን፤ ቀደም ሲልም ሽዋይንሽታይገርን ሠላሳውን ካጠናቀቀ በኋላ ከሙኒክ አምጥተናል። ሽማግሌው ይህን ሰምተው ይስቁብናል ብዬ ስጠብቅ፣ ነገሩን እንደ ሊቅ አፍታተው መለሱት። ያልተገራ ወይፈን ብቻውን አይገራም፤ ረጋ ካለ አሮጌ በሬ ጋር ተጠምዶ ነው ትልም የሚማረው፤ ስለዚህ አሮጌ በሬ መግዛት ነውር የለውም። "ነውሩ በወይፈን ዋጋ መግዛቱ ነው። ደግሞስ የሚገራው ወይፈን የታለ?"

ወይፈኑን ሸጠነዋል። እዚህ ላይ መምህሩ ጣልቃ ገብቶ የሂሳቡን ምሥጢር አብራራ። ክለቡ በ80 ሚሊዮን ገዝቶ ለአምስት ዓመት ያስፈረመው ተጫዋች በመዝገቡ ላይ በየዓመቱ 16 ሚሊዮን ወጪ ሆኖ ሲከፋፈል፣ ከራሱ ማሠልጠኛ ያሳደገውን ሲሸጥ ግን የግዢ ወጪ ስለሌለበት ገንዘቡ በሙሉ ትርፍ ተብሎ ይመዘገባል። እስከ 2025/26 የውድድር ዘመን የሠራው የሊጉ ሕግ ደግሞ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ኪሳራ ያሳየን ክለብ ይቀጣ ስለነበረ፣ መዝገብ ያዡ በቸገረው ቁጥር ዓይኑ የሚያርፈው በቤት ልጅ ላይ ነበር። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጡ። "ታዲያ የቤቴን ጥጃ ስሸጥ ሁሉም ትርፍ ነው? ሳሩን ማን አጨደለት? እናቱንስ ማን አለባት?" መምህሩ በሒሳብ ትምህርት ቤት ያልተማረው ጥያቄ ስለሆነበት ወደ ሻዩ ተመለሰ።

ከእኛ ቤት የወጣ ሁሉ መወፈሩ ደግሞ ሌላው ቁስላችን ነው። ለናፖሊ በ25 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ የተሸጠው የቤታችን ልጅ ስኮት ማክቶሚናይ በዓመቱ የጣሊያን ሻምፒዮን ከመሆኑም በላይ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ሉካኩም ከእኛ ወጥቶ ከኢንተር ጋር ዋንጫ አነሣ፤ ዲ ማሪያ በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ጎል አገባ፤ ያ የእኔ አንቶኒ እንኳ በውሰት ቤቲስ ሲደርስ መዞሩን ቀንሶ ወደ ፊት መሄድ ጀመረ። ፀጉር አስተካካዩ ይህን የዓይነ ጥላ ሥራ ነው ብሎ ስለሚያምን ኦልድ ትራፎርድ አንድ ጊዜ ወዳጃ ቢደረግበት፣ ዱዓ ቢያዝለት ይሻላል ይላል። እኔ ግን በሬው ሳይሆን ጋጣው እንደታመመ ከገባኝ ቆይቷል። ከአሠልጣኝ ሞዬስ እስከ አሞሪም የመጣው አራሽ ሁሉ የራሱን ቀንበር ይዞ ይመጣል። አንዱ ለክንፍ ተጫዋች ይከፍላል፤ ተከታዩ በሦስት ተከላካይ ስለሚጫወት ክንፎቹን ቦታ ያሳጣቸዋል፤ ገበያውም ይህን ስለሚያውቅ በገዛንበት ሩብ ዋጋ ይጠይቀናል። ሻጭ እንደቸገረው ካወቀ ሰኞ ገበያም ቢሆን ማንም አይራራለትም።

በ2024/25 የውድድር ዘመን በ42 ነጥብ 15ኛ ወጥተን፣ በዩሮፓ ሊግ ፍጻሜም ቢልባኦ ላይ በቶተንሃም 1 ለ 0 ተሸንፈን ወደ ክረምቱ ገባን። በ38 ጨዋታ ያገባነው 44 ጎል ስለነበረ ክለቡ ኩኛን፣ ምቤሞንና ሼሽኮን ከ190 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አውጥቶ ገዛ። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። እኔ ግን የሽማግሌውን ትምህርት ስለቀሰምሁ፣ "ሦስት በሬ ገዝተን ሞፈሩ የታለ?" ብዬ ተነሣሁ። ቀንበሩን ከማረሻው የሚያገናኘው ሞፈር ነው፤ ኳሱን ከተከላካይ ተቀብሎ ለአጥቂ የሚያደርሰው ደግሞ የመሐል አማካይ ነው። እኛ በዚያ ቦታ የቀሩን 33 ዓመት የሞላው ካሴሚሮ፣ ኡጋርቴና ገና ያልለየለት ወጣቱ ማይኑ ነበሩ። ይህን የመሰለ ትንታኔ አቅርቤ ያገኘሁት መልስ "አንተ ሲቲ ነህ" የሚል ነው።

ነሐሴ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት እውነቱ ወጣ። በሊግ ካፕ የገጠመን በአራተኛው እርከን የሚጫወተው ግሪምስቢ ታውን ሲሆን፣ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ቡድን ስለሆነ ደጋፊዎቹ በአየር የተነፋ የላስቲክ ዓሣ ይዘው የሚገቡበት ሜዳ ነው። 2 ለ 0 ተመርተን እንደምንም 2 ለ 2 ደረስን። ልክ ፔናልቲ ሲጀመር የሰፈሩ መብራት ሄደ። ከዚያ በኋላ ያለውን የተከታተልነው በባጃጁ ሹፌር ስልክ ሲሆን፣ ባትሪው ሰባት በመቶ ስለነበረ ብርሃኑን አደብዝዞ ውጤቱን በጨለማ ውስጥ እንደ ዜና እረፍት እያነበበልን ነበር። አገባ፤ አገቡ፤ አገባ፤ አገቡ። በረኞቹ ሳይቀሩ መትተው እንደሆነ እንጃ፣ ዝርዝሩ አላልቅ አለ። በመጨረሻ 12 ለ 11 ተሸነፍን። ከጨለማው ውስጥ የሽማግሌው ድምፅ፣ "ዓሣ ነው ያረሰባችሁ?" ሲል ተሰማ። የመለሰ አልነበረም።

ከአምስት ቀን በኋላ ክለቡ ሴኔ ላመንስ የተባለውን ወጣት ቤልጅየማዊ በረኛ ሲያስፈርም፣ ፀጉር አስተካካዩ ከሁለት ወር በፊት ጀምሮ በረኛ በረኛ ይል ስለነበረ "ሰምተውናል ማለት ነው" ብሎ ለቤቱ ሻይ ጋበዘ። አማካዩን ግን አልሰሙንም። ምናልባት መብራት ሄዶባቸው ይሆናል።

ሽማግሌው ለመስቀል ወደ ኩታበር ተመለሱ። ለበልግ እርሻ ሲዘጋጁ ከጥማዳቸው አንዱ አርጅቶ ስለነበረ ለውጠው ሌላ በሬ መግዛታቸውን ከልጃቸው ሰማን፤ ጥርሱን ቆጥረው፣ ሻኛውን ዳብሰው፣ ቁመቱን በዱላቸው ለክተው የገዙት ቀይ ዳማ በሬ ነው ተባለ። በየካቲት ለሐኪም ቀጠሮ ሲመጡ ዲኤስቲቪ ቤቱን እንደ ቀድሞው ጋቢያቸውን ተከናንበው ገቡ። ቦታ ለቀቅንላቸው፤ ሰላምታው፣ የጤናው ጥያቄ፣ የከብቱና የዘመድ ወሬው በወጉ ካለቀ በኋላ ያንን በሬ አነሣሁ።

"አባባ፣ አዲሱ በሬ እንዴት ሆነ? ከነባሩ ጋር ገጠመ?"

ሽማግሌው ዱላቸውን በመዳፋቸው እያሽከረከሩ ወደ ቴሌቪዥኑ አዩ። ልጃቸው ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ጓዳ ገባ፤ በኋላ እንደሰማነው በሬው በሁለተኛው ትልም ላይ ተኝቶ በጅራፍም በልመናም ሊነሣ አልቻለም።

"ገና አዲስ ነው" አሉ በመጨረሻ፣ "ከመሬቱ ጋር አልተላመደም። አንድ ዓመት ይሰጠው።"

የባጃጁ ሹፌር ቀስ ብሎ፣ "በስንት ገዙት?" ብሎ ጠየቃቸው።

"ድምፁን ከፍ አድርጉት እስቲ፣ ጨዋታው ሊጀመር ነው" አሉ።