አንድ አጭር ፈቃድ ያተረፋቸው ጨዋታዎች

ቅዳሜ ማታ ላፕቶፔ ላይ የ1982 ኮምፒውተር ከፈትኩ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ዜድኤክስ ስፔክትረም ይባላል፤ የእንግሊዝ ሥራ ነው። ስክሪኑ ነጭ ሆነ። ከታች የአምራቹ የሲንክሌር ስምና ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ተጽፏል። «ጄ» የሚለውን ቁልፍ አንዴ ስነካ «ሎድ» (ጫን ማለት ነው) የሚለው ትእዛዝ ሙሉውን ዱብ አለ። ስፔክትረም ላይ ትእዛዝ ፊደል በፊደል አይጻፍም፤ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የራሱ ቁልፍ አለው። ሁለት የትእምርተ ጥቅስ ምልክት ጨመርኩና ኢንተር አልኩ።

ጩኸቱ ተጀመረ። የእህቴ ልጅ 11 ዓመቱ ነው። «ተበላሸ እንዴ?» ብሎ ከሶፋው ተነሳ።

አልተበላሸም። ያኔ ጨዋታ የሚሸጠው በካሴት ነበር፤ እኛ ዘፈን በሰማንበት፣ ሲጠመጠም በእስክሪብቶ ባጠነጠንነው በዚያው ካሴት። ኮምፒውተሩ ከተራ ቴፕ ጋር በገመድ ይገናኛል፤ ከዚያ ጩኸቱን እየሰማ ወደ ቁጥር ይቀይረዋል። መጀመሪያ በስክሪኑ ጠርዝ ዙሪያ ቀይና ውሃ ሰማያዊ መስመሮች ይሮጣሉ። ቀጥሎ ሰማያዊና ቢጫ ይሆናሉ። መሀል ላይ ሥዕሉ በጥቁርና ነጭ፣ መስመር እየዘለለ ይሞላል። መጨረሻ ላይ ቀለሙ ከላይ ወደ ታች ይወርድበታል። ሥዕሉ ብቻ 40 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ጨዋታው ተጭኖ እስኪያልቅ አራት አምስት ደቂቃ ይሄዳል። ልጁ እስከ መጨረሻው ቆሞ አየው።

ይህን ሁሉ የሚያደርገው ኢሙሌተር ነው፤ ኮምፒውተራችን ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር መስሎ የሚሠራ ፕሮግራም። እኔ የተጠቀምኩት «ፊውዝ» የሚባለውን ነው። ነፃ ነው። ዊንዶውስም፣ ማክም፣ ሊነክስም ላይ ይሠራል። አውርዳችሁ ትጭናላችሁ፣ የጨዋታውን የካሴት ፋይል ትከፍታላችሁ፣ በቃ። አንድ ነገር ብቻ ልምከራችሁ። ፕሮግራሙ ካሴቱን በቅጽበት የሚጭንበት መንገድ አለው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን ከማስተካከያው ውስጥ አጥፉትና ጠብቁ። ጩኸቱን ሳይሰሙ ስፔክትረምን አይቻለሁ ማለት ይከብዳል። ጨዋታው ሲጀምር ግራ ቀኝ የሚወስዱት ቁልፎች ብዙ ጊዜ ኦ እና ፒ ናቸው፤ ላይ ታች ደግሞ ኪው እና ኤ።

ማሽኑ ውስጥ ያለው ቦታ 48 ኪሎባይት ነው። ዛሬ በስልክ የምናነሳው አንድ ፎቶ ይህን ብዙ እጥፍ ይበልጣል። እዚያች ውስጥ ማቲው ስሚዝ የሚባል ወጣት በ1983 «ማኒክ ማይነር»ን ሠራ። 20 ዋሻ፣ በየዋሻው የተለየ ጠላት፣ እያለቀ የሚሄድ አየር፣ ከጀርባ ሙዚቃ። ይህ ለእኔ ትልቅ የእጅ ሙያ ነው። እንደ ማንኛውም የእጅ ሙያ ተጠብቆ መቆየት አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። ፊውዝ ያለ ምንም ጣጣ የሚሠራው ለምን ይመስላችኋል? ስፔክትረም ውስጥ ከፋብሪካው አብሮት የሚመጣ 16 ኪሎባይት ፕሮግራም አለ። ያለሱ ኢሙሌተሩ ሞተር የሌለው መኪና ነው። የዚህ ፕሮግራም ባለቤት አምስትራድ የሚባለው ኩባንያ ነበር፤ በ1986 የሲንክሌርን የኮምፒውተር ሥራ በ5 ሚሊዮን ፓውንድ ገዝቶታል። በ1999 ኢሙሌተር የሚሠሩ ሰዎች «ልንጠቀምበት እንችላለን ወይ?» ብለው ጠየቁት። ኩባንያው ፈቀደ። የባለቤትነት ጽሑፉን አትንኩ፣ መብቱ የእኛ መሆኑን ጥቀሱ፣ ከዚያ በኋላ ከኢሙሌተራችሁ ጋር አብራችሁ ስጡት አለ። መብቱን አልለቀቀም። ገንዘብም አላጣም። እኔ ቅዳሜ ማታ ያለ አንዳች ፍርሃት ያን ነጭ ስክሪን ያየሁት በዚያ አጭር መልስ ነው።

ሌሎቹስ? አሚጋ የሚባለውን ሌላ የድሮ ኮምፒውተር በኢሙሌተር የሞከረ ሰው ያውቃል። የማሽኑን ውስጣዊ ፕሮግራም ገዝቶ ወይም ከራሱ አሮጌ ማሽን ቀድቶ ማምጣት አለበት። ባለቤቶቹ መሸጣቸውን አልነቅፍም፤ የሚገዛበት በር አለና። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አንዳንድ ባለመብቶች ከሰላሳ አርባ ዓመት በፊት የወጣ ጨዋታ መብት ይዘው አይሸጡትም፣ አይፈቅዱትም፣ ለጥያቄም መልስ አይሰጡም። ራሱም አይበላ ለሌላም አያበላ ማለት ይህ ነው። ካሴቱ ግን አይጠብቃቸውም። ሳጥን ውስጥ የቆየ ካሴት ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ድምፁ እየደበዘዘ ይሄዳል። ዘፈን ቢደበዝዝ ጥቂት ይሰማል፤ ፕሮግራም ላይ ግን አንዲት ጠብታ ድምፅ ከጠፋች ጨዋታው አይነሳም።

«የድሮ ጨዋታ ያለ ፈቃድ መቅዳት የሰው ሥራ መስረቅ ነው» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ ጽፎ የሚተዳደር ሰው ሥራው ሲዘረፍ ማየት አልወድም። ለዚህም ነው ቅዳሜ የጫንኩት ጨዋታ ሠሪው ራሱ በነፃ የለቀቀው የሆነው። ዛሬም ለዚህ ማሽን አዲስ ጨዋታ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። ግን የማይሸጥ ነገር እንዴት ይገዛል? ባለመብቱ ወይ ይሽጥ፣ ወይ እንደ አምስትራድ አንድ አንቀጽ ይጻፍ።

ነገሩ የእንግሊዝ ልጆች ትዝታ ብቻ ከመሰላችሁ ወደ ቤታችን ልመልሳችሁ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ለየፊደሉ አንድ ቋሚ ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) የገባው በዚያው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ፊደሉን በመሰለው ቁጥር ላይ ያስቀምጥ ነበር። ያኔ የተጻፈን ፋይል ዛሬ ስትከፍቱ «ሀ» የነበረው ቦታ የላቲን ፊደልና ምልክት ተዝረክርኮ ይመጣል። አንድ ወዳጄ የአባቱን ማስታወሻ የያዘ ፍሎፒ አለው። ፋይሉ ደኅና ነው። የተጻፈበት የዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የነበረው የኮምፒውተር ሥርዓት) ፕሮግራም ግን የውሃ ሽታ ሆኗል። ፕሮግራሙ ቢገኝ ዶስቦክስ በሚባለው የዶስ ኢሙሌተር ላይ ይነሳ ነበር፤ ዶስቦክስ መጀመሪያ የተሠራው የድሮ ጨዋታ ለመጫወት ነው።

እነዚያን ፕሮግራሞች የጻፋችሁ ሰዎች ዛሬም አላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ አዲስ አበባ፣ አንዳንዶቻችሁ አሜሪካና አውሮፓ። ፍሎፒዎቹ መሳቢያችሁ ውስጥ ካሉ እባካችሁ ሳይበላሹ ቅዷቸው። ከዚያ «ስማችንን ሳታጠፉ ተጠቀሙበት» የሚል አንድ አንቀጽ ጻፉልን።