ዳክቱን በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ የሚይዘው ማነው?

ፋብሪካ ዲዛይን ሲደረግ ቦይለሩም ዋናው ህንጻም በቂ ጊዜ ይሰጣቸዋል፣ የትኩስ ጋዝ ዳክት (ጋዙ የሚያልፍበት ትልቅ የላሜራ ቱቦ) የሚሸከሙት የብረት ፍሬሞች ግን ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጡት፣ ያውም «ዳክት ምን ይመዝናል፣ ውስጡ ባዶ ነው» እየተባለ። እኔ በዚህ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ1999 ቱርክ ኢዝሚት አጠገብ ያለው የቱፕራሽ ማጣሪያ ውስጥ 115 ሜትር የሚሆን የኮንክሪት ጭስ ማውጫ በመንቀጥቀጡ ወድቆ ከስሩ ያለውን የድፍድፍ ነዳጅ ክፍል አወደመ፣ እሳትም ተነሳ። ዳክት አልነበረም አውቃለሁ፣ ግን ህንጻ ያልሆነ ነገርም ፋብሪካውን ይዞት ሊወድቅ እንደሚችል ከዚህ በላይ ማሳያ አያስፈልግም።

«ባዶ ነው» የሚለውን እስቲ እናስላው። 4 በ4 ሜትር የሆነ ዳክት በ6 ሚሊ ላሜራ ከተሰራ 10 ሜትሩ ላሜራው ብቻ 7.5 ቶን ገደማ ይመዝናል። ጋዙ አመድ የሚያመጣ ከሆነና ወለሉ ላይ ግማሽ ሜትር አመድ ከተኛ ግን፣ ልቅ አመድን በኩብ ሜትር 800 ኪሎ ብንይዘው፣ ሌላ 16 ቶን ተጨመረ ማለት ነው፣ ከላሜራው እጥፍ በላይ! መንቀጥቀጥ ደግሞ የሚገፋው እንደ ክብደቱ ነው። የአሜሪካው የግንባታ ጭነት ኮድ ኤኤስሲኢ 7 በ2016 (እ.ኤ.አ.) እትሙ ፍሬም ላይ የተቀመጠው ነገር ከጠቅላላው ክብደት 25 በመቶ ከደረሰ ከፍሬሙ ጋር አንድ ላይ እንዲተነተን ይላል፣ የዳክት ፍሬም ራሱ ቀላል ስለሆነ ይሄን መስመር ማለፍ በጣም ቀላል ነው። ባዶውንም መርሳት አይቻልም፣ ጎኑ ጠባብ ቁመቱ ከፍ ያለ ዳክት ከሆነ ግፊቱ የሚያርፈው ከፍሬሙ አናት በላይ መሃል ቁመቱ ላይ ስለሆነ አንዱን እግር ሊያነሳው ይችላል፣ ለመነሳት ደግሞ ባዶው ይብሳል።

ዋናው ጣጣ ግን ሙቀቱ ነው። ብረት በ1 ዲግሪ በእያንዳንዱ ሜትር 0.012 ሚሊ ያህል ይረዝማል፣ 40 ሜትር ዳክት ሙቀቱ በ300 ዲግሪ ከጨመረ 144 ሚሊ ይሄዳል ማለት ነው። ጫፍና ጫፉን ጥርቅም አርገህ ብታስረው ብረቱ ውስጥ የሚፈጠረው ጭንቀት (ስትረስ) ከተራ ብረት አቅም እጥፍ በላይ ይሆናል። ስለዚህ አንዱ ሰፖርት ላይ ይታሰርና ሌሎቹ ላይ በሚያዳልጥ የቴፍሎን ፕሌት እንዲንሸራተት ይደረጋል፣ በመሃል በመሃልም የጨርቅ ኤክስፓንሽን ጆይንት፣ ማለትም መርዘሙን የሚቀበል ተጣጣፊ መጋጠሚያ፣ ይገባል። ለሙቀቱ በጣም ጥሩ መፍትሄ ነው፣ ለመንቀጥቀጡ ግን በጆይንት የተለየ እያንዳንዱ ቁራጭ ብቻውን የቀረ ደሴት ሆነ ማለት ነው፣ ምክንያቱም ጨርቅ ኃይል አያስተላልፍም፣ ቁራጩ በርዝመቱም በጎኑም የራሱ መያዣ ከሌለው የሚይዘው ነገር የለም።

እዚህ ጋ ነው «ፍሪክሽኑ (ሰበቃው) ይይዘዋል» የሚባለው፣ እኔም ድሮዊንግ ሳይ ከአንድ ጊዜ በላይ የሰማሁት መልስ ነው፣ በጣም ነው የሚያናድደኝ። ሰፖርቱን ቴፍሎን ላይ ያስቀመጥከው እንዲንሸራተት ብለህ አይደል እንዴ፣ አሁን ደግሞ አትንሸራተት ልትለው ነው? መሬቱ ወደ ላይና ወደ ታች ሲመታ ደግሞ ክብደቱ ለቅጽበት ይቀላል፣ የነበረችው ትንሽ ፍሪክሽንም ታንሳለች። ኮዱም በክብደት የሚመጣ ፍሪክሽንን እንደ ማሰሪያ መቁጠር አይፈቅድም። ስለዚህ በርዝመቱ ያለው ግፊት በሙሉ የታሰረው ሰፖርት ላይ ይሄዳል፣ የዛ ፍሬም ብሬስ (ሰያፍ ማጠንከሪያው ብረት)፣ ቤዝ ፕሌት (ከእግሩ ስር ያለው ሳህን) እና አንከር ቦልት (ከመሰረቱ ጋር የሚያስረው ቡለን) የቁራጩን ሙሉ ክብደት ታሳቢ አድርገው መሰራት አለባቸው እንጂ ከአምስት ፍሬም አንዱ ነው ተብሎ አንድ አምስተኛ አይሰጠውም። በጎን በኩል ግን ጋይድ ከተደረገ፣ ማለትም ወደ ጎን እንዳይሄድ ከተያዘ፣ ሁሉም ፍሬም ድርሻውን ይወስዳል።

ሌላው አር የሚባለው ቁጥር ነው፣ ማለትም ኮዱ የመንቀጥቀጡን ኃይል የሚያካፍልበት። ኦርዲናሪ ብሬስድ ፍሬም (በብሬስ የተጠነከረ ተራ ፍሬም) ብለህ 3.25 ስትወስድ በምላሹ ቃል እየገባህ ነው፣ ብሬሱ ሲሳብና ሲጎብጥ መጋጠሚያው ቀድሞ አይበጠስም የሚል። እ.ኤ.አ. በ1994 በካሊፎርኒያው የኖርዝሪጅ መንቀጥቀጥ ጥሩ ናቸው የተባሉ የቢምና የኮለን ብየዳዎች ተሰንጥቀው ተገኝተዋል፣ ስለዚህ ይሄ ቃል ቀላል አይደለም። ለህንጻ መሰል ፍሬሞች ኮዱ 1.5 መውሰድም ይፈቅዳል፣ ኃይሉ እጥፍ በላይ ይሆናል ግን ልዩ ዲቴል አይጠይቅም። እኔ ለትንንሽ የዳክት ፍሬሞች ይሄኛውን ነው የምመርጠው፣ ብረቱ ብዙ ጊዜ በንፋስም በሙቀትም ስለሚወፍር የሚጨመረው ያን ያህል አይደለም፣ ሳይት ላይ ያለው በያጅም የሚያውቀውን ነው የሚሰራው።

መፈናቀሉም አለ። ሶፍትዌሩ 15 ሚሊ ካለህ ያ በተቀነሰው ኃይል ነው፣ 3.25 ወስደህ ከሆነ እውነተኛው በ3.25 ተባዝቶ ወደ 49 ሚሊ ይጠጋል፣ በጆይንቱ ማዶ ያለው ፍሬምም የራሱን ይዞ በተቃራኒው ሊመጣ ይችላል። ይሄ ቁጥር ከሙቀቱ ቁጥር ጋር አብሮ ጆይንቱን ለሚሰራው ድርጅት መላክ አለበት፣ ያውም ጆይንቱ ከመታዘዙ በፊት።